«ራሙ 8 ነው» ያለኝ ሰውዬ

ይህን ስልክ ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ ሱቅ በ18 ሺህ ብር ከገዛሁት 11 ወር ሆነኝ። ስለ አስሩ ወር ብትጠይቁኝ የማወራው የለኝም። ባትሪው ያመሻል፣ ካሜራው ሐይቅ ወርደን የተነሳነውን አሳምሮ አውጥቶታል፣ በቃ። ጉዴ አስራ አንደኛው ወር ላይ ነው።

«አፕዴት መጥቷል» ሲለኝ ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቼው ተኛሁ። ጠዋት ሌላ ስልክ ሆኖ ጠበቀኝ። ኪቦርዱ እኔ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው ፊደል እየለቀመ የሚያወጣው። ሲደወል ይጮኻል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ማን እንደደወለ የማየው ሰውዬው ሰልችቶት ሲዘጋው ነው።

ሰኞ ገበያ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ደንበኛ በቴሌብር ሲከፍል ብሩ መግባቱን ማየት አለብኝ። ተከፍቶ እስኪያሳየኝ ቆጥሬዋለሁ፣ 40 ሰከንድ። አንዲት እናት ስኳራቸውን ይዘው ቆመው ቆመው «ልጄ፣ ይሄ ስልክ ዱዓ ይደረግለት እንዴ?» አሉኝ። ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን እያረረ ነበር።

መጀመሪያ የሰጡኝ ምክር «ታገሰው» ነው። እውነት አለው። ትልቅ አፕዴት ሲገባ አንድሮይድ የተጫኑትን አፖች ለአዲሱ ሲስተም እንደገና ያሰናዳል፤ ይህን በአብዛኛው የሚሠራው ስልኩ ሥራ ፈቶ ቻርጅ ላይ ሲሆን ነው። አንድ ሁለት ቀን ቢሞቅና ቢንቀራፈፍ አይገርምም። እኔ ግን ሦስት ሳምንት ታገስኩ! ባለቤቴ «ስልክ ነው የያዝከው ወይስ በሽተኛ የምታስታምመው?» እስክትለኝ።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ገና እጁ ሳይገባ «ፎርማት ነው፣ 500 ብር» አለኝ። ፎቶዎቼስ? «ይጠፋሉ»። ፊቴን አይቶ «ካልሆነ በ6 ሺህ ልግዛህ» አለ። በብስጭቴ ልሰጠው ትንሽ ነው የቀረኝ።

ያን ሌሊት ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። ከ64 ጊባ (ጊጋባይት) ማከማቻው የቀረኝ 2 ብቻ ነው። ቴሌግራም ለብቻው 14 ይዟል፤ መንዙማው፣ የሠርጉ ቪዲዮ፣ መቼ እንደገባሁበት የማላውቀው ግሩፕ የላከው ሁሉ። ካሹን፣ ማለትም ስልኩ ላይ አውርዶ ያከማቸውን፣ አጸዳሁት። አትፍሩ፣ ፋይሉ ቴሌግራም ላይ ስለሚቀመጥ ሲያስፈልግ መልሶ ይወርዳል። ከአንድ ሳምንት በላይ የቆየውን ራሱ እንዲያጠፋም አዘዝኩት። ስልኩ ትንሽ ተነፈሰ፤ ግን አልዳነም።

ከዚያ ነው «ራም ማስፋፊያ» የምትል መስመር ያየሁት። 4 ጊባ ላይ በርታለች። ስገዛው ጀምሮ እንደዚያው ነበረች፤ አዲሱ ሲስተም ሜሞሪ አብዝቶ ሲበላ ነው ጉዷ የወጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራም የሱቄ ባንኮኒ ነው፣ ስቶሬጅ ደግሞ ጓዳዬ። ማስፋፊያ የሚሉት ባንኮኒው ሲሞላ እቃውን ጓዳ ማስገባት፣ ደንበኛ ሲጠይቅ ደግሞ ሮጦ ማውጣት ነው። ጓዳው ከራም በጣም ቀርፋፋ ነው። እስከ ጣሪያ ከታጨቀማ አስቡት።

እና አንተ ፒያሳ ያለኸው ሰውዬ፣ «ራሙ 8 ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ውሰድ» ብለኸኝ ነበር። እውነትም ጨፍኜ ወሰድኩ። «ወንድሜ፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል» ትለኝ ይሆናል። ካርቶኑን አልጣልኩትም፤ «4+4» ነው የሚለው፤ 4 የራሙ፣ 4 የማስፋፊያው። ደምረህ የሸጥክልኝ አንተ ነህ። «አፕዴት ስልክ አያዘገይም፣ ያያዝህ ችግር ነው» ካልከኝ ደግሞ፣ በፈረንጆቹ 2018 የጣሊያን የንግድ ውድድር ባለሥልጣን አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው አፕዴታቸው የደንበኞችን ስልክ አንቀራፍፏል ብሎ ነው። የኔ ስልክ ከሁለቱም አይደለም፤ ግን ነገሩን እኔ አልፈጠርኩትም ለማለት ነው።

ማስፋፊያውን ዘጋሁት፣ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። ቴሌብር በ6 ሰከንድ ተከፈተ። ደግሜ ዘግቼ ከፈትኩት፣ ያው 6። በእኩለ ሌሊት ብቻዬን «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮኼ ልጆቹን ቀሰቀስኳቸው።

በዚያው ሞቅታ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ነክቼ የዴቨሎፐር ምርጫዎችን (ለአፕ ሠሪዎች የተደበቀውን ሴቲንግ) ከፈትኩና አኒሜሽኑን ከ1 ወደ 0.5 አወረድኩት። ይህኛው ስልኩን አያፈጥነውም፣ ገጽ ሲቀያየር የሚታየውን እንቅስቃሴ ነው የሚያሳጥረው። ለዓይን ግን ደስ ይላል።

ማስፋፊያውን መዝጋቱ ጉዳት የለውም አልልም። ወደ ኋላ የተውኩት አፕ አሁን ቶሎ ይዘጋል፤ ዩቲዩብ ላይ ጀምሬ የተውኩት ቪዲዮ ስመለስ ከመጀመሪያው ይነሳል። ይነሳ። ቪዲዮ የማየው ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ድጋሚ ትገዛዋለህ ወይ? ያኔ ሰልፍ ቆሞብኝ ብትጠይቁኝ ስልኩን ከጦሳ ተራራ ላይ እወረውረው ነበር። ዛሬ፣ እንደ 4 ጊባ ስልክ ቆጥሬ፣ በ15 ሺህ እገዛዋለሁ። ሦስቱ ሺህ የሌለችው ራም ዋጋ ናት።

የጥገና ቤቱ ልጅ ትናንት ደግሞ አግኝቶኝ «7 ሺህ አድርጌልሃለሁ» አለኝ። አልሸጥም።