ጊትሀብ በቲም ሊድ ዓይን፣ ከሐዋሳ

ሐዋሳ ላይ ስድስት ሆነን ሶፍትዌር እንሠራለን። ቢሯችን ፒያሳ አካባቢ ነው። ደንበኞቻችን የቁጠባና ብድር ማኅበራት፣ ፋርማሲዎችና አንዳንድ ሆቴሎች ናቸው። እኔ ቲም ሊድ፣ ማለትም የቡድኑ መሪ ነኝ። ኮድ እጽፋለሁ፤ ግን አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው ሌሎቹ የጻፉትን በማንበብና ከእነሱ ጋር በመነጋገር ነው። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን አስቀምጠው አብረው ስለሚሠሩበት ድረገጽ ስለ ጊትሀብ ብዙ የተጻፈ አለ፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ለፕሮግራመር ነው። እኔ ደግሞ ሰው ለሚመራ ሰው ምን ያህል ይጠቅማል የሚለውን ልጻፍ።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ሰው ለማሳደግ ጊትሀብን የሚያህል መሣሪያ አላገኘሁም። ሰው ለመመዘን ግን ባትጠቀሙበት ይሻላል።

ለማያውቀው ያህል፦ ጊት የሚባለውን የኮድ መከታተያ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ሠራው። ጊትሀብ በእሱ ላይ ተመሥርቶ በ2008 ሥራ የጀመረ አገልግሎት ነው። በ2018 ማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ለእንደኛ ዓይነቱ ትንሽ ቡድን ግን ዋናው ዓመት 2020 ነው። ያኔ የተዘጋ ሪፖዚተሪ (ለሌላ ሰው የማይታይ የኮድ ማከማቻ) ከነሙሉ ቡድኑ በነፃ መጠቀም ተፈቀደ። የደንበኛ ኮድ ለዓለም አይከፈትም፤ ስለዚህ ይህ ባይሆን ኖሮ ብዙዎቻችን እዚህ አንገባም ነበር።

ከዚያ በፊት ሥራ የምንከፋፈለው በቴሌግራም ግሩፕ ነበር። ጠዋት የተላከ ሥራ ከሰዓት በኋላ በስቲከር፣ በቮይስና በደንበኛ ስክሪንሾት ተቀብሮ ይገኛል። «ያ ነገር ምን ደረሰ?» እላለሁ። «እያለቀ ነው» ይባላል። ሳምንት አልፎም እያለቀ ነው።

አሁን እያንዳንዱ ሥራ ጊትሀብ ላይ ኢሹ (የሥራ መመዝገቢያ) ሆኖ ይከፈታል። ቁጥር አለው፤ ባለቤት አለው። ፑል ሪኩዌስቱ ላይ (የጻፋችሁት ኮድ ታይቶ ወደ ዋናው እንዲገባ የምትጠይቁበት ገጽ) «ይህን ይዘጋል» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር የኢሹውን ቁጥር ከጻፋችሁ፣ ኮዱ ወደ ዋናው ብራንች (ወደ ዋናው የኮድ ቅጂ) ሲገባ ኢሹው በራሱ ይዘጋል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። እኔን ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ከመነዝነዝ ገላግላኛለች። የሚጠየቀውም ተገላግሏል።

ዋናው ጉዳይ ግን ፑል ሪኩዌስት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም እየሠራን ነበር። ማኅበሩ የብድር ክፍያ ቀን የሚቆርጠው በእኛ አቆጣጠር ነው። ዳታቤዙ ቀን የሚያስቀምጠው ደግሞ በፈረንጆቹ። መቀየሪያውን እንዲጽፍ ገና ከዩኒቨርሲቲ ለወጣ ልጅ ሰጠሁት። ኮዱ ንጹሕ ነበር። ስሞቹ ይነበባሉ፤ ፈንክሽኖቹ አጫጭር ናቸው። ጳጉሜንም አልረሳትም። ግን አንዷ መስመር ላይ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ አስቀምጧል።

ጊትሀብ ላይ የተቀየሩት ፋይሎች ብቻ የሚታዩበት ገጽ አለ። የወጣው መስመር በቀይ፣ የገባው በአረንጓዴ። የፈለጋችሁት መስመር ጎን ትነኩና እዚያው ላይ ትጽፋላችሁ። እኔም ያቺ መስመር ላይ «የ2016 መስከረም 1 በፈረንጆቹ ስንት ቀን ላይ ዋለ?» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

ትንሽ ቆይቶ መልስ መጣ። «ሴፕቴምበር 12። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ 6 ቀን ነበራት።» ቀጥሎ አዲስ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ገባ። ሒሳቡን አስተካክሏል፤ ቴስትም (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) ጨምሯል። ለ2011፣ ለ2015 እና ለ2019። ሦስቱም ጳጉሜ 6 ያላቸው ዓመታት ናቸው። ቴስት ጻፍ ያለው የለም።

ስለ አንድ ቀን ነው የምናወራው፤ ግን ያቺ አንድ ቀን ቀላል አይደለችም። ባይታረም ኖሮ፣ በእኛ አቆጣጠር 2019 አልቆ 2020 ሲገባ፣ መስከረም 5 መክፈል የነበረባት የማኅበሩ አባል በቀኗ ከፍላ ሲስተሙ አንድ ቀን አሳልፈሻል ይላት ነበር። ቅጣት ይጻፍባት ነበር። ማኅበሩ ደግሞ ኮምፒውተሩን አምኖ ከእሷ ጋር ይከራከራል። ልጁ ይህን ራሱ አስቦ ደረሰበት። እኔ በቃል ነግሬው ቢሆን ኖሮ ያስተካክላል እንጂ፣ ለሦስት ዓመት ቴስት አይጽፍም ነበር።

ያ ፑል ሪኩዌስት አሁንም እዚያው አለ። አዲስ ሰው ሲገባ ሊንኩን እልክለታለሁ። ኮዱን፣ ጥያቄውን፣ መልሱን፣ ማስተካከያውን በተራ ያነባል። በስልጠና ወረቀት ይህን ማስተማር አይቻልም።

የምፈልገውን መስመር እኔው ጽፌ፣ ባለቤቱ በአንድ ጠቅታ የሚያስገባበት ዘዴም አለ። ለፊደል ግድፈት ግሩም ነው። ለትልቅ ነገር አልጠቀምበትም። እኔ ከጻፍኩለት ምኑን ተማረ?

ጊትሀብ የማይፈታው አንድ ችግር አለ። ይሉኝታ። ጁኒየሩ የሲኒየሩን ኮድ ይከፍታል፣ ላይ ላዩን ያያል፣ «አሪፍ ነው» ብሎ ያጸድቃል። ጥያቄ ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም። ታላቁን በሰው ፊት መጠየቅ ድፍረት መስሎት ነው። ያደግንበት ነገር ስለሆነ በአንድ ስብሰባ አይለቅም። «ነፃ ሁኑ፣ ጠይቁ» ብትሏቸው አንገታቸውን ይነቀንቁና በነጋታው ያው «አሪፍ ነው» ይመጣል።

እኛ እንዲህ አደረግን። የእኔን ፑል ሪኩዌስት መጀመሪያ የሚያየው በቡድኑ መጨረሻ የገባው ሰው ነው። ቢያንስ አንድ ጥያቄ መጻፍ አለበት። «እዚህ ጋ አልገባኝም» ማለትም ይበቃል። ካልገባው ኮዱን አቀልለዋለሁ፤ ወይም ማብራሪያ እጨምራለሁ። እዚያው ላይ አመሰግነዋለሁ፤ ሁሉም ያየዋል። ሰው የመሪውን ኮድ ጠይቆ ምንም እንዳልደረሰበት ሲያይ የሌላውን መጠየቅ ይቀለዋል። በመጨረሻ ከገቡት አንዷ በቀደም «ይሄን ፈንክሽን ለሁለት ብትከፍዪው አይሻልም?» ብላ ጻፈችልኝ። ከፈልኩት። እውነትም ተሻለ።

ጽሑፍ ድምፅ እንደሌለውም አትርሱ። ከእኔ የመጣ «ለምን?» የሚል አንድ ቃል ቁጣ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሦስቴ ተመላልሰን ካልተግባባን ኮሜንቱን እናቆምና ጎን ለጎን እንቀመጣለን። የተስማማንበትን ከዚያ በኋላ ፑል ሪኩዌስቱ ላይ በሁለት መስመር እንጽፈዋለን፤ ነገ የሚያነበው ሰው ለምን እንደዚያ እንደሆነ እንዲያውቅ። ስለ ሰውየው አጠቃላይ ሥራ፣ ስለ መዘግየቱ፣ ስለ ደመወዙ የሚወራ ከሆነ ግን ጊትሀብ ቦታው አይደለም። ለዚያ ወደ ሐይቁ እንወርዳለን። ፀሐይዋ በረድ ስትል ፍቅር ሐይቅ በኩል በእግር እየሄዱ ማውራት ጥሩ ነው። ፊት ለፊት ተፋጥጦ ከመቀመጥ ይልቅ ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ይከፈታል። ቢሮ ውስጥ ያልሰማሁትን ብዙ ነገር እዚያ ነው የሰማሁት።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ ፕሮፋይሉ ላይ አረንጓዴ ካሬዎች አሉት። አንዱ ካሬ አንድ ቀን ነው። ሥራ በበዛ ቁጥር ካሬው ይጠቁራል ወይም ይደምቃል። ከዚያ በተጨማሪ ሪፖዚተሪው ላይ ማን ስንት ኮሚት እንዳደረገ፣ ስንት መስመር እንደጨመረ የሚያሳይ ገጽ አለ። ለኃላፊዎች ይህ ገጽ ፈተና ነው። ቁጥር አለው፣ ግራፍ አለው፣ ፍርድ ለመስጠት የተዘጋጀ ይመስላል። ይህን አትሞ ለቦነስ መከፋፈያ ሊያደርገው ያሰበ ኃላፊ አውቃለሁ።

ከቡድናችን እጅግ የምተማመንባት ልጅ ካሬዎቿ ፈዛዛ ናቸው። እሷ ደንበኛ ጋ ትሄዳለች። የማኅበሩን ሊቀመንበር «ጋሼ፣ አሁን ይሄን መዝገብ የሚሞሉት እንዴት ነው?» ብላ ትጠይቅና፣ እኛ ወር ሙሉ ልንሠራው ያሰብነው ነገር ጨርሶ እንደማያስፈልግ ይዛ ትመለሳለች። ሰው ሲቸግረው አጠገቡ ተቀምጣ ታወጣዋለች፤ ኮሚቱ የሚመዘገበው በእሱ ስም ነው። ይህን የትኛው ካሬ ያሳየዋል?

ሌላም አለ። በሌላ ብራንች ላይ የተቀመጠ ኮሚት ዋናው ብራንች ውስጥ እስኪገባ ድረስ ካሬው ላይ አይቆጠርም። ከባድ ሥራ ላይ የከረመ ሰው ሥራ ፈት ሊመስል ይችላል። በካሬ የምትመዝኑት ቡድን ደግሞ ካሬ ማምረት ይለምዳል። አንዱ ሥራ ለአሥር ኮሚት ይበጣጠሳል፤ ሌላውን መርዳት እንደ ኪሳራ ይታያል። ከዚያ በኋላ ቡድን የሚባል ነገር የለም።

እኔ የማየው አንድ ነገር ነው። ፑል ሪኩዌስት ተከፍቶ የሚያየው ሳያገኝ ምን ያህል ይቆያል? ከቆየ ችግሩ የአንድ ሰው አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ስንገባ ከራሳችን ኮድ በፊት የሌላውን እናያለን። ትልቅ ፑል ሪኩዌስትም አንቀበልም። ሁለት ሺህ መስመር ካመጣችሁ ማንም አያነበውም፤ ያው «አሪፍ ነው» ይባላል። ሃምሳ መስመር ስታመጡ ግን አምስት ጥያቄ ይነሳል። አዲስ ሰው ሥራውን እንዴት ቆራርጦ እንደሚያቀርብ ማስተማር ከቲም ሊድ ሥራ ትልቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋስ? ጊት ሙሉ ታሪኩን በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል። ባትሪ እስካለ ድረስ ኮሚት ማድረግ፣ ብራንች መክፈት፣ ያለፈውን ማየት ይቻላል። ኔትወርክ ሲመለስ ፑሽ፣ ማለትም ወደ ጊትሀብ መላክ ነው። ኢሹና ሪቪው (የሌላውን ኮድ ማየት) ግን ድረገጹ ላይ ስለሆኑ ይቆማሉ። በዚያ ሰዓት እኛ ነጭ ሰሌዳው ጋ እንሰበሰባለን።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ነፃው ለኮድ ማስቀመጫ፣ ለኢሹ፣ ለፑል ሪኩዌስት ይበቃል። ቴስት በራሱ የሚያስኬደው አክሽንስም ለተዘጋ ሪፖዚተሪ በወር 2,000 ደቂቃ በነፃ ይሰጣል። ለእኛ በቂ ነው።

የሚጎድለው ግን ለመሪ ትልቅ ነገር ነው። ሪፖዚተሪያችሁ የተዘጋ ከሆነ በነፃው ዕቅድ ዋናውን ብራንች መቆለፍ አይቻልም። ያለ ሪቪው ቀጥታ ሜይን (ዋናው ብራንች) ላይ ፑሽ የሚያደርግን ሰው ሲስተሙ አይከለክልም። ክፍት ሪፖዚተሪ ላይ ይህ በነፃ አለ። ለተዘጋው ግን ቲም የሚባለውን ዕቅድ መግዛት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ሰው በወር 4 ዶላር። ለስድስታችን 24 ዶላር መሆኑ ነው። ለሚያስገኘው ጥቅም ውድ አልለውም። የሚከብደው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ነው።

«ታዲያ ለምን ወደ ሌላ አትሄዱም?» የሚሉኝ አሉ። ጊትላብ በነፃም ብራንች ይቆልፋል፤ ግን በእነሱ ድረገጽ ላይ ነፃ የተዘጋ ግሩፕ ከ5 ሰው አያልፍም። የቢትባኬትም ነፃው እስከ 5 ሰው ነው። እኛ ስድስት ነን። ጊትላብን በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ከጫናችሁት የሰው ቁጥር ገደብ የለውም፤ ግን ሰርቨሩን የሚጠብቅ፣ ባክአፕ የሚያደርግ ሰው ይፈልጋል። ከስድስት ሰው ላይ አንዱን ለዚያ ማዋል አልፈለግኩም። አምስትና ከዚያ በታች ከሆናችሁ ግን ጊትላብን ከልባችሁ አስቡበት።

እኛ ለጊዜው በስምምነትና በትንሽ ስክሪፕት ይዘነዋል። ስክሪፕቷ በየኮምፒውተራችን ላይ ትጫናለች፤ ወደ ሜይን ፑሽ ሊደረግ ሲል ታስቆማለች። ሆን ብሎ ሊያልፋት የፈለገ ያልፋታል። ማታ ደክሞት እጁ የቀደመውን ግን ትይዘዋለች። አብዛኛው ጥፋት ደግሞ የሚመጣው ከድካም ነው።

የካርዱን ጉዳይ ባንክ ጋ ጀምረናል። ከተሳካ መጀመሪያ የማበራው የሜይንን ቁልፍ ነው፤ ሌላ ሰው ሳያጸድቅ ምንም እንዳይገባ። አስተዳዳሪውም ጭምር እንዳያልፍ የሚያደርግ ምርጫ አለው። እሱንም አበራዋለሁ።