ሚክሮቲክ «ሃፕ ኤሲ 2» በሐዋሳ ግቢ፦ ከበጋ እስከ ክረምት የተጠቀምኩበት ራውተር

አዲስ ራውተር የገዛ ሰው ከሚከፍልበት የኢንተርኔት ጥቅል በላይ ፍጥነት አያገኝም። የላትቪያው ሚክሮቲክ የሚያመርተውን «ሃፕ ኤሲ 2» የገዛሁትም ለፍጥነት አይደለም። ታቦር ክፍለ ከተማ ያለው ግቢያችን ዋናውን ቤትና ተከራይ የሚኖርበትን ሰርቪስ ቤት ይዟል፤ እኔ የፈለግሁት የውጩ መስመር ቢቋረጥ እንኳ በውስጡ ያሉት ኮምፒውተሮች፣ ስልኮችና ፕሪንተሩ እርስ በርስ የሚገናኙበት፣ ማን የማንን ፋይል ማየት እንደሚችልም እዚሁ ቤት ውስጥ የሚወሰንበት የራሳችን ኔትወርክ ነበር። ከፋይበሩ ጋር የተተከለልን ሣጥን ዋይፋይ ቢኖረውም ለዚህ አይበቃም።

ከሁሉ የላቀውን ለውጥ ያመጣው ግን ገመዱ ነው። ራውተሩ አምስት የጊጋቢት ፖርቶች (ፈጣን የገመድ መሰኪያዎች) አሉት፤ አንዱ ከፋይበሩ ሣጥን የሚመጣውን ይቀበላል፣ አራቱ ለቤት ይቀራሉ። ዋይፋዩ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። 5ቱ ፈጣን ቢሆንም የብሎኬት ግድግዳ ሲደራረብበት ቶሎ ይደክማል፤ 2.4ቱ ደግሞ ርቆ ቢሄድም የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ የሚሻማበት ነው። ስለዚህ ሲግናሉ ከሳሎን ተነሥቶ ሰርቪስ ቤት እንዲደርስ ከመጠበቅ ይልቅ ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፌ፣ ከመብራት መስመሩ አርቄ በአጥሩ ሥር ቀበርሁና ጫፉ ላይ በገመድ የመጣውን ወደ ዋይፋይ የሚቀይር ትንሽ አክሰስ ፖይንት ተከልሁ። የመዳብ ኔትወርክ ገመድ በደረጃው እስከ 100 ሜትር ስለሚሄድ ለተለመደ የከተማ ግቢ ይበቃል። በክረምት ነጎድጓድ ስለሚበዛ ገመድን ከጣሪያ ወደ ጣሪያ በአየር ላይ መዘርጋት አልመክርም፤ ሁለቱ ቤቶች መብራት የሚያገኙት ከተለያየ ቆጣሪ ከሆነም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ፋይበር ይመረጣል።

ቀጥሎ የመጣው ኔትወርኩን ለሁለት መክፈል ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ በኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር አድራሻ ይባላል፤ ለግል ኔትወርክ ብቻ የሚያገለግሉ አድራሻዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ተለይተው የተመደቡ ሲሆን፣ በ192.168 የሚጀምሩት ከእነዚሁ ናቸው። ራውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ አድራሻው 192.168.88.1 ነው፤ ይህን ለዋናው ቤት ትቼ ለሰርቪስ ቤቱ በ192.168.20 የሚጀምር የተለየ ክልል ከፈትሁ። ማን ወዴት እንዲያልፍ በሚወስነው የራውተሩ ክፍል፣ በፋየርዎሉ ላይ፣ ሁለቱ ክልሎች ወደ እርስ በርሳቸው እንዳይሻገሩ በሁለቱም አቅጣጫ ማገድ ያስፈልጋል፤ የተከራይም ገመና ገመና ነውና እኛም የእሱን ላፕቶፕ ማየት አይገባንም። ፋየርዎሉ ትእዛዞችን የሚያነበው ከላይ ወደ ታች ነው፤ የመፍቀጃው ትእዛዝ ከማገጃው በላይ ከተቀመጠ ማገጃው እንደሌለ ይቆጠራል።

የፍጥነት ድርሻውንም ራውተሩ ያከፋፍላል። መጀመሪያ ለሰርቪስ ቤቱ ቋሚ ገደብ ሰጥቼ ነበር፤ ተከራያችን ግን «ጋሼ፣ ሌሊት እናንተ ስትተኙ ማንም አይጠቀምበትም፤ ያኔ እንኳ ይለቀቅልኝ» አለኝ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነበር፤ ራውተሩም ገደቡን በሰዓት ለመወሰን ያስችላል። ሰዓቱ የሚሞላው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት 00:00 ተብሎ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 06:00 ተብሎ መግባት አለበት። ራውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የሚይዝለት ባትሪ ስለሌለው ኤንቲፒ የሚባለውን ከኢንተርኔት ሰዓት የመቀበያ አገልግሎት ማብራትና የጊዜ ቀጠናውን አዲስ አበባ ማድረግ ግድ ነው፤ አለበለዚያ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የሰዓት ገደቦች ሁሉ ይዛባሉ።

መብራትን ካነሳሁ፣ ይህን ራውተር ለሐዋሳ ሰው እንድመክር የሚያደርገኝ ዋናው ምክንያት ከ12 እስከ 30 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ መቀበሉ ነው። 12 ቮልት ከሚሰጥ ሚኒ ዩፒኤስ (ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ) ጋር ያለ ምንም መለወጫ ይሠራል፤ የፋይበሩም ሣጥን የራሱ መጠባበቂያ ሊኖረው ይገባል፣ ምክንያቱም ራውተሩ ብቻውን ቢበራ ኢንተርኔት አይመጣም። መስመሩ ራሱ በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ትልቅ ውለታ ይውላል። ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የሚያስችለውን ነፃውን የኪዊክስ ፕሮግራም ጭኜበት ጥግ ላይ ተቀምጧል። ማታ መብራት ሲጠፋ ልጄ ሻማ እስኪበራ እንኳ ሳትጠብቅ በስልኳ ብራውዘር ላይ የላፕቶፑን አድራሻ 192.168.88.10 ብላ ትጽፍና ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የጀመረችውን ንባብ ትቀጥላለች። ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ፣ ራውተሩ በዩፒኤስ ይሠራሉ፤ ከጥቅሉ ላይ አንድ ሜጋባይት አይቀነስም። ለእኔ የቤት ኔትወርክ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ደኅንነትን በተመለከተ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የሚክሮቲክ ራውተሮች በሚስተካከሉበት ዊንቦክስ በሚባለው በር ላይ በተገኘ ክፍተት፣ ማሻሻያው አስቀድሞ ወጥቶ ሳለ ያልጫኑ ሰዎች በብዙ አገሮች ራውተሮቻቸው ተጠቅተዋል። ስለዚህ ረጅም የይለፍ ቃል መስጠት፣ ማስተካከያውን ከውጭ እንዳይከፈት መዝጋት፣ ሶፍትዌሩንም ወቅቱን ጠብቆ ማደስ ለነገ የሚባል አይደለም። የራውተሩ ቋሚ ማከማቻ 16 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ተጨማሪ ፓኬጆችን (የሶፍትዌር ጭማሪዎችን) ለመከመር አይመችም፤ የሚያስፈልገውን ብቻ መያዝ ይገባል።

ዋይፋይ 6 የሚባለውን አዲሱን የዋይፋይ ደረጃ ለሚፈልግ ሰው ይህ ሞዴል አይሆንም፤ ተከታዩ «ሃፕ ኤኤክስ 2» አለለት። ሰክቶ መርሳት የሚፈልግ ሰውም ሌላ ዓይነት ቢገዛ ይሻለዋል፤ ማውጫው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ቃላቱም የኔትወርክ ባለሙያ ቃላት ናቸው። ግቢውን ከተከራይ ጋር ለሚጋራ፣ ለመማር ጥቂት ምሽቶች መስጠት ለማይከብደው ሰው ግን ከልቤ እመክረዋለሁ፤ ሁሉንም አስተካክሎ እንደጨረሰም ኮንፊገሬሽኑን (ያስተካከለውን ሁሉ) በፋይል አውጥቶ ፍላሽ ላይ ያስቀምጠው፤ ራውተሩ አንድ ቀን ቢቃጠል በተመሳሳይ ሞዴል ላይ በደቂቃዎች መልሶ ይጭነዋል።