ለትንሽ ከተማ ፕላን ማን ይሥራ? የክልል ኢንስቲትዩት፣ ዩኒቨርሲቲ ወይስ የግል አማካሪ

ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት ጨርሶ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው የሚያያቸው ትንንሽ ከተሞች መልካቸው ይመሳሰላል። አስፋልቱን ይዘው የተሰለፉ ሱቆች፣ ከሱቆቹ ጀርባ መኪና የማያስገባ ሰፈር፣ ከሰፈሩ ጀርባ የጫት ማሳ። ከተማዋ ስታድግ የምትረዝመው በመንገዱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ምክር ቤቱ «ፕላን ይሠራልን» ብሎ በጀት ይይዛል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሥራው ለማን ይሰጥ የሚለው ነው፤ ይህ ጽሑፍም ለዚያ ውሳኔ የተጻፈ ነው።

ከሻጩ በፊት ዕቃውን እንወቅ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት የከተማ ፕላን ያውቃል። መዋቅራዊ ፕላን የከተማዋን የዕድገት አቅጣጫ፣ ዋና ዋና መንገዶችና የመሬት አጠቃቀም ለ10 ዓመት ይወስናል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ አንዱን ሰፈር ይዞ እስከ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ይወርዳል። ብዙ ከተሞች የመጀመሪያውን ብቻ ገዝተው ይቀራሉ፤ ከዚያ የመሬት ባለሙያው ቦታ ለመሸንሸን ሲቀመጥ የሚይዘው ነገር ያጣል። በእኔ ግምት ጥቂት ሺህ ሰው ላላት ከተማ ቀጭን መዋቅራዊ ፕላንና በፍጥነት ለሚለወጠው ሰፈር አንድ የአካባቢ ልማት ፕላን ከወፍራም ጥራዝ ይሻላል።

የክልል የፕላን ኢንስቲትዩት ሲሠራው ወጪው አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል። የጎረቤት ከተሞችን ፕላንም ስለሚያውቅ የእናንተ መንገድ ከእነርሱ መንገድ ጋር ሳይገናኝ የሚቀርበት ዕድል ጠባብ ነው፤ በማጽደቁ ሂደት ላይም ሰነዱ ባዕድ አይሆንም። ጉዳቱ ወረፋው ነው። ሌላም አለ፦ የዘገየን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማዘጋጃ ቤት በምን ይቀጣዋል? ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር አቅም የላችሁም።

የግል አማካሪ በዚህ በኩል ተቃራኒው ነው። ውል አለ፣ የጊዜ ገደብ አለ፣ የመዘግየት ቅጣት አለ። በቴክኒክ ሰነዱ ላይ ፕላነር፣ ቀያሽ፣ የምጣኔ ሀብት ባለሙያና የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያ ተሟልተው ይቀርባሉ። ሆኖም ጨረታውን ያሸነፈው የትምህርት ማስረጃና ከተማዋ ውስጥ የሚገኘው ሰው የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ ባለሙያ የሚተካው በእናንተ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ መሆኑ በውሉ ይግባ። ከዚህ በፊት የሠሩትን ሪፖርት ተቀብላችሁም አንብቡ። በመካከሉ የሌላ ከተማ ስም ሳይሰረዝ ቀርቶ ካገኛችሁ ዋጋው ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን ሰነዱን መልሱ።

ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ መካከል ይቆማል። በዚህ አካባቢ ያለው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በእርሻ ኮሌጅነት የተጀመረ ነው፤ አፈርና ውኃ የቆየ ሙያው ነው። ይህ በምሥራቅ ሐረርጌ ተራ ነገር አይደለም። የሐረር ከተማ ውኃ ይቀዳበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከተማዋ ከድሬዳዋ ቆላ ጉድጓዶች ውኃ በቧንቧ ወደ ላይ እስከ መሳብ ደርሳለች። የውኃ ምንጩን ሳይጠይቅ የመኖሪያ ቦታ የሚያሰፋ ፕላን እንግዲህ ለማን ነው? መምህራን ግን ፈተና አላቸው፣ ዕረፍት አላቸው፣ መረጃውንም ብዙ ጊዜ የሚሰበስበው ተማሪ ነው። ሙሉውን ፕላን ከመስጠት ይልቅ የውኃና የጎርፍ ጥናቱን ብቻ ለይቶ መስጠት ያዋጣል እላለሁ።

ጎርፉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሦስቱንም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በጥር መጥቶ ያየው ባለሙያ ሰፊ ባዶ ሜዳ ነው ብሎ ካርታው ላይ ቢያሰፍረው አይፈረድበትም። ዝናቡ የሚጥለው ግን ከላይ፣ ከደጋው ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ሁለቱ የድሬዳዋ ሰፈሮች፣ በመሐንዲስ መስመር የተቀየሰችው ከዚራና በሰው እግር መንገድ ያደገችው መጋላ፣ የሚለያዩት በዚሁ ወንዝ ነው፤ ፕላን ያለውም የሌለውም ሰፈር ከወንዙ ጋር መስማማት አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ለሦስቱም ተወዳዳሪዎች አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ ቡድናችሁ በክረምት ስንት ቀን እዚህ ያድራል? «በሳተላይት ምስል እናየዋለን» የሚል መልስ አይበቃም።

ቋንቋም ይመዘን። በእነዚህ ከተሞች ስለ መሬቱ የሚያውቁት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ ወደ ሽንሌ በኩል ሲሆን ሶማሊኛ። አስተርጓሚ ይዞ ለግማሽ ቀን ስብሰባ የሚመጣ ቡድን የፊርማ ወረቀት እንጂ መረጃ ይዞ አይመለስም። በዚህ ነጥብ የክልሉ ኢንስቲትዩትና ሐረማያ ከአዲስ አበባ ከሚመጣ ድርጅት ብዙ ጊዜ ይበልጣሉ። እንደ አወዳይ በጫት ገበያ የምትኖር ከተማ ከሆነችም ገበያው በሚደምቅበት ሰዓት የጭነት መኪና ያልቆጠረ ጥናት መንገዱን በተሳሳተ ስፋት ይቀይሰዋል። በመስኖ የሚለማ የጫት ማሳ ላይ ከተማ ማስፋትም በካሳ ረገድ ቀላል አይደለም፤ ካሳውን ያላሰላ ፕላን ወረቀት ላይ ይቀራል።

ምርጫዬ ይኸው ነው። በቅርቡ የተነሣ የመነሻ ካርታ የሌላት፣ በጀቷም ያነሰ ከተማ ወረፋውን ታግሣ ወደ ክልሉ ኢንስቲትዩት ትሂድ፤ የጎርፍ ጥናቱን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ትግዛ። እንደ መልካ ጀብዱ የኢንዱስትሪ ፓርክ ጎረቤት የሆነች፣ ባለሀብት በሩን የሚያንኳኳባት ከተማ ግን ወረፋ ስትጠብቅ መሬቷ ያለ ፕላን ያልቃል፤ እርሷ የግል አማካሪ ትቅጠር። ያን ጊዜም ቢጋሩን፣ ማለትም ሥራው ምን እንደሚያካትት የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ ተጫራቹ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ጥቅም የሌለው ባለሙያ ያዘጋጅላት። የቅየሳ ሥራው በተለየ ውል ቢሰጥ ደግሞ የተሻለ ነው፤ አማካሪው ቢለወጥ ካርታው ይቀራልና።

የመጨረሻውን ክፍያ በተመለከተ አትለሳለሱ። የዋና መንገዶቹ ችካል መሬት ላይ ሳይተከል፣ ካርታውም ሊታረም በሚችል የኮምፒውተር ፋይል ማዘጋጃ ቤቱ እጅ ሳይገባ አይከፈል። የታተመ ካርታና ማኅተም ብቻ ይዞ የመጣ አማካሪ ቀሪው ገንዘብ ባንክ ውስጥ ይጠብቀው።