የቴፑ ድምፅ ማዞሪያ እምቢ ሲል «ቦርዱ ተቃጥሏል» የሚሏችሁን አትመኑ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን አካባቢ መኪና ያላችሁ ይህን አንብቡት። የቴፓችሁ ድምፅ ማዞሪያ ሲዞር ምንም አልሰማ ካለ፣ መንገድ ዳር ቴፕ የሚገጥሙ ሱቆች ገብታችሁ ሙሉውን ከማስቀየራችሁ በፊት ቆም በሉ። ወንድሜን ያስከፈሉት ገንዘብ አንሶ ሌላም ጣጣ አምጥተውበታል። ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው የምጽፈው።

ወንድሜ ቶዮታ ቪትዝ አለው፤ ሜትር ታክሲ ይሠራበታል። ማዞሪያው መጀመሪያ መዝለል ጀመረ። ለመጨመር ሲያዞረው አንዳንዴ ይቀንሳል፣ አንዳንዴ በአንዴ ይጮሃል። ቆይቶ ጨርሶ ዝም አለ። ተሳፋሪ ስልክ ሲያነሳ ራዲዮውን መቀነስ ስለማይችል ማጥፋት ብቻ ሆነ አማራጩ። ስለዚህ መንገዱ ላይ ያለ አንድ ሱቅ ገባ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ አሠራሩ ግን የአንድ ሱቅ ብቻ እንዳልሆነ ከብዙ ሹፌር ሰምቻለሁ።

ልጁ ቴፑን ነቀለና ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ወንድሜ፣ ይሄ ቦርዱ ተቃጥሏል፣ አይጠገንም» አለው። አንድም ነገር አልለካም። ልብ በሉ፣ ቴፑ ይበራል፣ ጣቢያ ይይዛል፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል፣ አራቱም ድምፅ ማጉያ ይሠራል። ቦርዱ፣ ማለትም ሁሉንም የሚያሠራው የውስጡ ሰሌዳ፣ ተቃጥሎ ቢሆን ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል? ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ያገለገለ ቴፕ አወረደለት፤ «ኦሪጂናል የጃፓን ነው» ብሎ። 9,000 ብር፣ አሮጌውን ትቶ ከሄደ 7,500። ወንድሜ ሥራ እንዳይፈታ ብሎ ተስማማ። ደረሰኝ አልተሰጠውም።

ጉዱ የመጣው ሬዲዮ ልክፈት ሲል ነው። 97.1 የለም። 98.1 የለም። 102.1 የለም። ቁጥሩ 90 ላይ ሲደርስ ወደ 76 ይመለሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ ቴፖች ኤፍ ኤም የሚይዙት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ አገሩ የሚጠቀምበት መስመር እንደዚያ ነበርና። እኛ አገር የምንሰማቸው ጣቢያዎች ደግሞ አብዛኞቹ ከ90 በላይ ናቸው። ይህን ቴፕ ሲሸጥ የሚውል ሰው ሳያውቀው አይቀርም፤ ገዢው ግን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚያውቀው። ተመልሶ ሲሄድ ምን ቢሉት ጥሩ ነው፣ «ባንድ ኤክስፓንደር ግዛና እንግጠምልህ»። ይህ አንቴናው ላይ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው፣ የጣቢያዎቹን ቁጥር ዝቅ አድርጎ ቴፑ ወደሚይዘው ያመጣዋል። ይሠራል፣ ግን ስክሪኑ ላይ የምታዩት ቁጥር የጣቢያው ትክክለኛ ቁጥር አይሆንም፤ ደግሞም ሌላ ገንዘብ ነው። የድሮው ቴፕ እኮ ይህን ሁሉ አይፈልግም ነበር።

በዚህ አላበቃም። ጠዋት መኪናው አልነሳ አለ። ባትሪው ሞቷል። በግፊ ተነስቶ ሠራ፣ ባደረ ቁጥር ግን ያው ነው። ሌላ የመኪና ኤሌክትሪሻን ዘንድ ወስደነው ቴፑን ሲያወጣው የፋብሪካው ሶኬት ተቆርጦ ሽቦዎቹ በእጅ ተጠምዝዘው በፕላስተር ተጠቅልለዋል። አብዛኛው የቴፕ ሽቦ ላይ ቢጫው ሁልጊዜ 12 ቮልት የሚመጣበት ነው፤ ሰዓቱንና የተመዘገቡትን ጣቢያዎች የሚይዘው እሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ስታዞሩ ብቻ ኃይል የሚያገኝ ነው። ጥቁሩ መሬት፣ ማለትም ወደ መኪናው ብረት የሚመለሰው ነው። ሱቁ ቀዩንና ቢጫውን አንድ ላይ አስሮታል፤ ስለዚህ ቴፑ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም፣ ባትሪውን ይመጠምጠዋል። ለቶዮታ ሶኬት ላይ ሳይቆረጥ የሚሰካ ማገናኛ ይሸጣል፤ መቁረጥ ምንም አያስፈልግም ነበር። በደንብ ያልተሸፈነ ሽቦ ዳሽቦርድ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እሳት ሊያስነሳ እንደሚችል ደግሞ ለማንም መንገር ያለብኝ አይመስለኝም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ይሄ ነው፤ ሳምንቱ ሳይሞላ ወንድሜ በዚያ ሲያልፍ የራሱን አሮጌ ቴፕ መደርደሪያው ላይ አየው። ጎኑ ላይ ያለውን ጭረት ያውቀዋል። ሰክተው ለሌላ ሰው እያሰሙት ነበር፣ ማዞሪያውም ይሠራል። «ቦርዱ የተቃጠለው» ቴፕ ማለት ነው። ሲጠይቃቸው «በስምምነት ትተኸው ሄደሃል» አሉት። ደረሰኝ ስለሌለ ምን ብሎ ይከራከር?

አሁን ስለ ማዞሪያው ራሱ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይታለልም። ዝም ብሎ የሚዞር፣ ማቆሚያ የሌለው ማዞሪያ ካላችሁ ከኋላው ያለው ዕቃ ኢንኮደር ይባላል። ድምፁ በውስጡ አያልፍም። ውስጡ ሁለት ትናንሽ መነካኪያዎች አሉ፣ ስታዞሩት ተራ በተራ እየተነካኩ ይለያያሉ፣ የቴፑ ኮምፒውተር ደግሞ የትኛው ቀድሞ እንደነካ አይቶ ጨምር ወይም ቀንስ ይላል። አቧራ ሲገባ ወይም ውስጡ ያለው ቅባት ሲደርቅ አንዱ መነካኪያ ይስታል። በዚህ ጊዜ ነው ወደ ላይ ስታዞሩት ወደ ታች የሚሄደው፣ በኋላም ጭራሽ የማይሰማው። እኛ ሰፈር ያለውን የበጋ አቧራ ታውቃላችሁ፣ ኮረኮንቹ ላይ መስኮት ከፍታችሁ ስትነዱ የት የሚገባ ይመስላችኋል? የድሮዎቹ፣ ጫፍ ላይ ደርሰው የሚቆሙት ማዞሪያዎች ደግሞ ሌላ ዓይነት ናቸው፤ እነሱ ሲቆሽሹ ይንኮሻኮሻሉ።

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት መሪው ላይ ያለውን የድምፅ ቁልፍ ወይም ሪሞቱን ወይም ስክሪኑን ሞክሩ። በዚያ በኩል ድምፁ ከጨመረና ከቀነሰ ቦርዱ ደህና ነው፣ ችግሩ ማዞሪያው ላይ ብቻ ነው። አለቀ። እነዚህ ከሌሏችሁ ስክሪኑን እያያችሁ አዙሩ። ቁጥሩ እየተቀየረ ድምፁ ካልተቀየረ ማዞሪያው ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ወይም ወዲያ ወዲህ ከዘለለ ማዞሪያውን ጠርጥሩ። ማዞሪያው ሲጫን ቴፑ መብራቱና መጥፋቱ አያታልላችሁ፤ የመጫኛው ስዊች ለብቻው ነው። አንዳንዴ ደግሞ ላዩ ላይ ያለው ፕላስቲክ ውስጡ ተሰንጥቆ ብቻውን ይዞራል፤ በቀስታ ሳቡት፣ ይወጣል፣ ከዚያ ዘንጉን በጣታችሁ አዙራችሁ ሞክሩት።

አንድሮይድ ቴፕ ከሆነ ቁልፎቹ ሁሉ አብረው ፈዝዘው ከሆነ ፊቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጫኑ፣ እንደ አዲስ ይነሳል። የመኪናው የራሱ ቴፕ ከሆነ ግን እንደ አዲስ እንዲነሳ ብላችሁ ባትሪ ከመንቀላችሁ በፊት ኮድ የሚጠይቅ ዓይነት መሆኑን አጣሩ፤ ኮዱ ከሌላችሁ ሌላ ወጪ ነው።

ጥገናው ከባድ አይደለም። ጎረቤታችን ያሪሱ ላይ ይሄው ሲደርስበት ሞባይልና ቴሌቪዥን የሚጠግን ልጅ ዘንድ ወሰደው። ልጁ የቴፑን ፊት ፈትቶ ኢንኮደሩ ውስጥ ኮንታክት ክሊነር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መነካኪያ ማጽጃ ነፋበት፣ ደጋግሞ አዞረው፣ ሠራ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ መዝለል ሲጀምር ኢንኮደሩን ነቅሎ አዲስ በየደለት። ሁለቱ አንድ ላይ 800 ብር አልፈጀም። ለዚህ ሥራ ተራውን ደብሊውዲ-40 አታስነፉ፤ ዘይት ይተዋል፣ ዘይቱ ላይ አቧራ ይለጠፋል።

መቀየር ግድ ከሆነም መኪናችሁ ውስጥ ተሰክቶ የምትሰሙትን ጣቢያ ሳይዝ ብር አትክፈሉ። ቁልፍ ነቅላችሁ ቴፑ መጥፋቱን እዩ። ሶኬቱ አይቆረጥም በሉ፣ ከአጠገባቸው ቁሙ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቅናሽ ቢሏችሁም። ደረሰኝ ጠይቁ፣ የዕቃውን ሞዴልና ያገለገለ መሆኑን ያጽፉበት። «ፈትተንልሃል፣ አሁን መግዛት አለብህ» የሚሉም አሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ላይ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ዕቃ ስላየ ወይም በዋጋ ስለተደራደረ ብቻ ለመግዛት እንደማይገደድ ተጽፏል። የፈቱበትን የእጅ ዋጋ ተነጋገሩና ከፍላችሁ ውጡ።

የወንድሜን ሽቦ ኤሌክትሪሻኑ ለይቶ አስተካክሎለታል፣ ባትሪውም አሁን ያድራል። ሬዲዮ ግን እስካሁን ከስልኩ ነው የሚሰማው።