አሪዞና ውስጥ የትራክ ሥራ፦ ሎካል ወይስ ረጅም መንገድ?

ሎካል፣ ማለትም በአካባቢው ብቻ የሚነዳ ሰው ማታ ቤቱ ያድራል። ልጆቹን ያያል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ግን ሥራው ጉልበት ይበላል። በቀን ብዙ ቦታ ማቆም፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ በሪቨርስ መግባት፣ አንዳንዴም ዕቃ ማውረድ አለ። በሐምሌ ፊኒክስ ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስትሞቅ ተጎታቹ ውስጥ መቆም ራሱ ፈተና ነው።

ረጅም መንገድ ሌላ ዓለም ነው። በብርዱ ወራት ከድንበር ከተማዋ ኖጋሌስ የሜክሲኮ ቲማቲም ጭነህ ወደ ሰሜን ትወጣለህ። ክፍያው ብዙ ጊዜ በማይል ነው፤ ጎማው ካልዞረ ገንዘብ የለም። ሕጉ ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ 11 ሰዓት ብቻ ያስነዳሃል፣ ያውም ሥራ በጀመርክ በ14 ሰዓት ውስጥ። መጋዘን በር ላይ ተራ ስትጠብቅ ያ ሰዓት ይቃጠላል። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት ተራ ለምትጠብቅበት ሰዓት ይከፈል እንደሆነ ጠይቅ። ብዙዎች ይህን ሳይጠይቁ ገብተው ሲቆጩ ያሳዝነኛል።

ልጆች ላሉት ሎካሉን እመርጣለሁ። ችግሩ፣ ጥሩ የሎካል ሥራ ብዙ ጊዜ ልምድ ይጠይቃል። ሲዲኤሉን (የትራክ መንጃ ፈቃዱን) ገና ያወጣ ሰው አንድ ዓመት ያህል ረጅም መንገድ ሠርቶ፣ የመንዳት ሪከርዱን ንጹሕ አድርጎ ቢመለስ ይሻለዋል።