የታኅሣሥ ማሳለፊያ፦ የኮድ እንቆቅልሽ ወይስ ዳይስ መሰብሰብ?

የደሴ የታኅሣሥ ብርድ ማታ ማታ ከቤት አያስወጣም። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ሁለት ማሳለፊያዎችን እናወዳድር።

አድቬንት ኦፍ ኮድ (በየቀኑ አንድ የፕሮግራሚንግ እንቆቅልሽ የሚያወጣ ድረ ገጽ) ነፃ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ዲሴምበር 1 ይከፈታል፤ አዲሱ ጥያቄ የሚወጣው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። እስከ 2024 ድረስ 25 ቀን ይፈጅ ነበር፤ በ2025 ወደ 12 ቀን አጠረ፤ ሥራ ላለው ሰው እሰየው ነው። ግብዓቱን (ኮዱ የሚሠራበትን የጥያቄውን ዳታ) አንዴ ፋይል ላይ ካስቀመጡ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። ጥያቄው ሁለት ክፍል አለው፤ ክፍል ሁለትን ለማስከፈት ግን የክፍል አንድን መልስ በኔትወርክ መላክ ግድ ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለውም ክፍል ሁለት ላይ ነው፦ ሁሉንም አማራጭ የሚሞክር ኮድ ሲሽከረከር ይውላል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው አንዴ የተሰላውን መዝግቦ መልሶ መጠቀም ነው። በጃቫ ኢንት የሚባለው የቁጥር ዓይነት ከ2,147,483,647 ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ኔጋቲቭ ይሆናል፤ ትልቅ ቁጥር የሚይዘውን ሎንግ ይጠቀሙ።

ዳይስ ገንዘብ ይፈልጋል። የሉዶው ባለ 6 ገጽ በቀላሉ ይገኛል፤ እስከ 20 ገጽ ያለውን የ7 ፍሬ ስብስብ ግን ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስመጣት ይቀላል። ደስ የሚለው ዳይሱ ወደ አንድ ቁጥር ያደላ እንደሆነ መፈተሹ ነው። በ200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 70 ግራም ገደማ ጨው አሟሙቶ ዳይሱን መጣል፤ ከተንሳፈፈ ደጋግሞ በጣት ማገላበጥ። ሁሌ አንድ ቁጥር ብቻ ወደ ላይ ከመጣ ውስጡ አየር ይዞ ሊሆን ይችላል። ብረትና ከባድ ፕላስቲክ አይንሳፈፉም፤ ባለ 6 ገጹን ከሆነ 300 ጊዜ ይወርውሩ። እያንዳንዱ ቁጥር የወጣበት ብዛት ከ50 (300 ለ6 ሲካፈል) የራቀበትን በራሱ አባዝቶ ለ50 ማካፈል፣ ከዚያ ስድስቱን መደመር። ድምሩ ከ11.07 ካለፈ ዳይሱ ያጠራጥራል። ለስሌቱ አምስት መስመር ፓይተን ይበቃል።