ዋት ፖ ማሳጅ፦ ለእጁ እከፍላለሁ፣ ለ“ኃይሉ” ግን እንጃ

ባንኮክ ውስጥ የማሳጅ ቤት ችግር የለም። በየመንገዱ ዳር ወንበር ደርድረው ይጠሯችኋል። ምረጪ ካላችሁኝ ግን ዋት ፖ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ያለውን እመርጣለሁ።

ሙያዬ ፀጉር ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ፣ ክንዴን ወደ ላይ ይዤ ሹሩባ ስጎነጉን ስለምውል ቀኝ ትከሻዬና ወገቤ አልቀዋል። ስለዚህ ማሳጅ የምሄደው ለመዝናናት አይደለም። ደግሞ እኔም በእጄ ነው የምኖረው፤ ለይስሙላ የሚነካ እጅና ሥራውን የሚያውቅ እጅ ወዲያው ይለይልኛል።

ብዙው ጎብኚ እዚያ የሚሄደው 46 ሜትር የሚረዝመውን የተጋደመ ቡድሃ ፎቶ ለማንሳት ነው። አንሱት፣ ያምራል። ከዚያ ግን ግድግዳዎቹን እዩ። ንጉሥ ራማ ሦስተኛ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ቤተ መቅደሱን ሲያሳድስ የሕክምናውን እውቀት በድንጋይ ላይ አስቀርጾታል። የሰው አካል ተስሎ፣ በላዩ መስመርና ነጥብ ተደርጎበታል። ጽሑፉን ማንበብ አልችልም፤ ሥዕሉ ግን ይገባል። አንዱ ላይ ነጥቡ ልክ እኔን የሚያመኝ ቦታ ላይ አርፎ ሳየው ሳቄ መጣ። ጽሑፎቹን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም የሰነድ ቅርስነት መዝግቧቸዋል። የታይ ማሳጅ ራሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ተመዝግቧል። የቤተ መቅደሱ የማሳጅ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ማሳጁን የምታገኙት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ፍራሽ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ልብስ አይወለቅም፣ ቅባትም የለም። ሰፊ የጥጥ ሱሪ ለብሳችሁ ትጋደማላችሁ። የሻማ ብርሃንና ለስላሳ ሙዚቃ የምትፈልጉ ሌላ ቦታ ሂዱ፤ እዚህ ከጎናችሁ የተኛው ሰው ሲያቃስት ትሰማላችሁ።

የደረሰችኝ ሴት ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ በሰውነት ከእኔ በጣም የምታንስ ቀጭን ሴት ናት። ይቺ ምን አቅም አላት ብዬ ነበር። ወይ ጉድ! ጉልበቷን ከክንዷ አታወጣም። ክንዷን ቀጥ አድርጋ፣ ከወገቧ ወደ ፊት ዘንበል ትልና ሙሉ ክብደቷን በአውራ ጣቷ ላይ ታሳርፈዋለች። እዚያው ትቆያለች። ከዚያ በዝግታ ትለቃለች። ጣቷ ቢደክም በክርኗ፣ ክርኗ ካልመቻት በጉልበቷ። እኔ በሃያዎቹ ዕድሜዬ ይህን የሚያሳየኝ ባገኝ ኖሮ ዛሬ አንጓዬን አላሰርም ነበር።

የሚጀመረው ከእግር ነው። መሃል ላይ መዳፏን ብሽሽቴ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። እግሬ ሊደነዝዝ ሲል ለቀቀችው፤ ሙቀት እስከ ጣቶቼ ድረስ ወረደ። “የነፋስ በር” መክፈት ይሉታል። በኔ አረዳድ የደም ቧንቧ ተጭና ለቀቀችው፣ በቃ። ደስ ይላል፣ ግን ለሁሉም አይሆንም። የልብ ችግር፣ የደም መርጋት ወይም ቫሪስ (የእግር ደም ሥር ማበጥ) ያለበት ሰው ይህን እንዳታደርጉብኝ ብሎ አስቀድሞ ይናገር። ነፍሰ ጡርና ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይሄድ ይሻላል።

ትከሻዬ ላይ ስትደርስ ዕንባዬ መጣ። ወጌሻ አሽቶት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ እያመመህ “እዚያው ላይ፣ እዚያው ላይ” የምትለው ዓይነት ነው። ሲበዛባችሁ “ባው ባው” በሏት፣ ቀስ ማለት ነው። ዝም ብሎ መቻል ጀግንነት አይደለም፤ በማግስቱ በልዞ ታገኙታላችሁ። መጨረሻ ላይ አስቀምጣኝ፣ እጄን ማጅራቴ ላይ አቆላልፋ፣ ጉልበቷን ጀርባዬ ላይ ደግፋ ጠመዘዘችኝ። ጀርባዬ ቋ ቋ አለ። ስነሳ ክንዴ እስከ ላይ ወጣ። ለጥቂት ቀናት ቆየልኝ፣ ከዚያ ሥራው መልሶ አመጣው። ከዚህ በላይ አልጠበቅኩም።

በታይላንድ የማሳጅ ትምህርት መሠረት ሰውነት ውስጥ “ሴን” የሚባሉ አሥር ዋና መስመሮች አሉ። ከእምብርት አካባቢ ተነስተው ይሄዳሉ፣ የሕይወት ነፋስ ይመላለስባቸዋል ይባላል። ሰውነት ተከፍቶ ሲታይ እነዚህ መስመሮች አይገኙም። ቢሆንም አልናቅኋቸውም። ለማሳጅ ሠሪዋ ከየት ተነስታ የት እንደምትደርስ ያሳይዋታል፤ ጡንቻዬ ግን የተፈታው በክብደቷ ነው።

ይህን የምለው ከዚያ በኋላ ሌላ ሰፈር፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ስፓ ሄጄ ሬኪ ስለሞከርኩ ነው። ሬኪ ጃፓናዊው ሚካኦ ኡሱይ እ.ኤ.አ. በ1922 የጀመረው ነው። እጅ ሰውነት ላይ ቀስ ብሎ ያርፋል፣ ወይም ከላይ ብቻ ይያዛል፤ ኃይል ይተላለፋል ይባላል። ያንን ኃይል በመሣሪያ ለክቶ ያሳየ እስካሁን የለም። ክፍሉ ያምራል፣ እንቅልፍም ወስዶኛል፣ ይህን አልክድም። ዋጋው ግን የማሳጁ እጥፍ ነው። ይባስ ብላ ሴትዮዋ “ሆድሽ አካባቢ ኃይሉ ተዘግቷል፣ አሁን ተከፍቷል፣ የጨጓራ ክኒንሽን ተይው” አለችኝ። እንዴ! ለመተኛት ከሆነ ሂዱ። መድኃኒት ተዉ የሚል ግን ሐኪማችሁ ብቻ ይሁን።

ወደ ዋት ፖ ልመለስ። በልታችሁ ወዲያው አትሂዱ፤ ሆድ ላይ ይጫናሉ። ጉርሻውን በእጇ ስጧት፤ እኔ 100 ባት ሰጥቻለሁ። ግማሽ ሰዓትም አንድ ሰዓትም አለ። የሚያማችሁ ትከሻ ከሆነ አንድ ሰዓቱን ያዙ፤ ከእግር ስለሚጀምሩ በግማሽ ሰዓት ትከሻ ጋ ሳይደርሱ ያልቅባችኋል።